ቆላ ወርዶ የመጣ በሽታ

ክረምት ሲገባ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ መካከል ባለችው ኮኪት ዙሪያ ወዳሉት የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ይበተናል። ቀን ያርማል፣ ያጭዳል፤ ማታ ግራር ሥር ጋደም ይላል። አደጋው ያለው እዚያ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በተሰነጠቀው ዋልካ አፈርና በዛፉ ዙሪያ ነውና። ትኩሳቱና የጣፊያው ማበጥ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሰውየው አገሩ ከገባ ወዲያ ነው። ካልታከመ ይገድላል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ የሁመራ ሰፋፊ እርሻዎች ሲስፋፉ በሽታው የጉልበት ሠራተኛውን አጠቃ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ፣ ተመራማሪዎች ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር አያያዙት።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉስ? አዋጅ 42/1985፣ ከዚያ 377/1996፣ አሁን ደግሞ 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ጉዳት ይቆጥራሉ። የጡረታ ዋስትና የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ቢሆን የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል። ውሉ በቃል ቢሆንም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ሰሊጥ አጫጅ ይህን ወረቀት ይዞ ማየት ግን ብርቅ ነው።

ወረቀቱ ቢኖርስ? የአዋጁ አንቀጽ 98 በአካባቢው የተለመደ ነባር ወይም ወረርሽኝ በሽታን ከካሣው ያወጣል፤ የሚተርፈው በሽታውን መዋጋት ሥራው የሆነ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ረጪው በወባ ቢያዝ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ አራሚው አይችልም። ለመተማ ተወላጅ ነባር የሆነ በሽታ ለደጋ ልጅ ነባር ነው ወይ? እኔ እንደሚገባኝ፣ ለእሱ ካላዛር አብሮት የኖረ ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ ወርዶ ያገኘው ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጡት የካሣ ሕግ ከእርሳስና ከሜርኩሪ መመረዝ ጎን በማዕድን ሠራተኛው ቆዳ የሚገባውን የአንጀት ትል መዝግበዋል። ትሉ ከእርጥብ አፈር ነው የሚመጣው፤ አፈሩ ላይ ያቆመው ግን ሥራው ነው ብለው።

ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ አንቀጽ 98 እንደገና ሲከፈት ከቀዬው ርቆ ለወቅት ሥራ ለሄደ ሠራተኛ ልዩ ሁኔታ ይጨመርበት።