ከሆስፒታል አልጋ እስከ ቤት ደጃፍ፦ ከነርሶች ሥልጠና ታሪክ

የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ የቀጠሮ ካርድም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምናውቀው ብዙውን ጊዜ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ሲመለስ ነው። ኢንተርን ሳለሁ እንዲህ ሆነው የተመለሱ አንዲት እናት፣ የጻፍኩላቸውን የመውጫ ማጠቃለያ በነጠላቸው ጫፍ እንደቋጠሩት አመጡልኝ። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ያነበበላቸው አልነበረም።

ነርስን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ ለሚሰጥ አገልግሎት ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ጎን ለጎን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ ተመርቀው በአንድ ጤና ጣቢያ በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ የተነደፈ ሥልጠና ነበርና የኮሚዩኒቲ ነርሷ ቤተሰቡን፣ እናቲቱንና ሕፃኑን ትከታተላለች። ቀደም ብለው በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተከፈቱት የነርስ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ትኩረታቸው አልጋ ላይ በተኛው ሕመምተኛ ላይ ነበር። ሁለቱም ትልቅ ውለታ ውለዋል። በእኔ አስተያየት ግን ክፍተቱ የተወለደው በሁለቱ መካከል ነው፤ አንዷ ነርስ በውስጥ፣ ሌላዋ በውጭ ቀረች፤ ሕመምተኛው በሩን የሚሻገረው ብቻውን ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አለመሆኑን የፊላደልፊያው ጥናት ያሳያል። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ነርስ ሜሪ ኔይለር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት 363 አረጋውያን ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶች ተመደቡለት። ነርሷ ሕመምተኛውን ገና አልጋ ላይ ሳለ ትተዋወቀዋለች፤ መውጫውን ታቅዳለች፤ ከዚያም ያችው ነርስ ቤቱ ድረስ ሄዳ ለአራት ሳምንታት ትከታተለዋለች፤ ከሐኪሙም ጋር ትነጋገራለች። በ24 ሳምንታት ውስጥ እንደገና ሆስፒታል የገቡት ከዚህ ወገን 20.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከወጡት 37.1 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር በሩን አብራ የምትሻገር ነርስ መኖሯ ነው።

በአገራችን ለዚህ የቀረበው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይመስለኛል። በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው በየቤቱ እንዲዞሩና ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ ተመደቡ። መላኩ ተለመደ፤ ከሆስፒታል ወደ እነርሱ የሚመለስ ወረቀት ግን እኔ በሠራሁባቸው ክፍሎች ብርቅ ነበር።

የእኒያን እናት ቤት የሰፈራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታውቀው እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሆስፒታል መተኛታቸውን የነገራት አልነበረም። እኔም አልነገርኳትም።