የጥያቄና መልስ ውድድር በቴሌቪዥን

እ.ኤ.አ. በ1955 የአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ «የ64 ሺህ ዶላር ጥያቄ» የተሰኘ ውድድር ማስተላለፍ ጀመረ። ተፎካካሪው ኤንቢሲ በማግስቱ ዓመት «ሃያ አንድ»ን አስከተለ። የ«ሃያ አንድ» ተወዳዳሪዎች ማዳመጫ አጥልቀው ድምፅ በማያስገቡ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ስለሚቆሙ አንዱ የሌላውን መልስ አይሰማም። ተመልካቹ ግን ሁለቱንም ያያል፤ ግንባር ሲቋጠር፣ ላብ ሲጠረግ፣ መልሱ አፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ። ሰው ሲያስብ ማየት ምን ያህል ልብ አንጠልጣይ እንደሆነ አዘጋጆቹ በሚገባ ገብቷቸው ነበር።

የሚያሳዝነው ማሰቡ ራሱ የውሸት መሆኑ ነው። አዘጋጁ ዳን ኤንራይት መልሱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ የት ማመንታት፣ መቼ ላብ መጥረግ እንደሚገባ ሳይቀር ያለማምዳል። በዲሴምበር 1956 ተወዳዳሪው ኸርብ ስቴምፔል በተፎካካሪው በቻርልስ ቫን ዶረን እንዲሸነፍ ታዘዘ። የ1955 ምርጥ ፊልም ኦስካር ያገኘው «ማርቲ» መሆኑን እያወቀ፣ ያውም የሚወደው ፊልም ሆኖ ሳለ፣ የሌላ ፊልም ስም ጠራ። ቫን ዶረን በኖቬምበር 1959 በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ማጭበርበሩን አመነ፤ በ1960 ድርጊቱ በሕግ ተከለከለ።

አመኔታ ከጠፋ በኋላ ጨዋታው መልኩን መቀየር ነበረበት። መርቭ ግሪፊን በ1964 «ጄፓርዲ»ን ሲጀምር የባለቤቱን የጁላንን ሐሳብ ተጠቀመ፤ መልሱ ለሁሉም በግልጽ ይነገራል፣ ተወዳዳሪው ጥያቄውን ያገኛል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሴፕቴምበር 1998 ነው፤ የብሪታንያው አይቲቪ በክሪስ ታራንት አቅራቢነት «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?» የተባለውን ውድድር ጀመረ። አራቱ ምርጫዎች ስክሪኑ ላይ ስለሚወጡ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከተወዳዳሪው ቀድሞ «ለ ነው!» ብሎ መጮህ ይችላል። ተወዳዳሪው ጥያቄውን ካየ በኋላ እስከዚያ ያገኘውን ይዞ መውጣትም ይፈቀድለታል። ይህች ሕግ የጨዋታው ነፍስ ናት። የሚፈተነው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ስለሆነ፣ መልሱን የማያውቅ ተመልካች እንኳ «በቃ፣ ተነሣ» ወይም «ቀጥል» የሚለው አያጣም። መብራቱ እየደበዘዘ ሙዚቃው እየከረረ ሲሄድ አቅራቢው የመጨረሻ መልሱ መሆኑን ደግሞ ይጠይቃል፤ እርግጠኛ የነበረውም ይጠራጠራል።

በ1999 በአሜሪካው ዝግጅት ጆን ካርፔንተር የሚሊዮን ዶላሩ ጥያቄ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጨዋታው ከሚፈቅደው እርዳታ ምንም አልጠየቀም። እዚያ ሲደርስ በስልክ እርዳታው አባቱ ጋር ደወለ፤ መልሱን እንደሚያውቅና ሚሊዮኑን ሊያሸንፍ መሆኑን ነገራቸው። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ በአሚታብ ባቻን አቅራቢነት ህንድ ገባ፤ በጠቅላላው ከመቶ በላይ አገሮች በየቋንቋቸው አዘጋጅተውታል።