የፊት ባሌስትራ ታሪክና የእድራችን ላንድሮቨር



በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ የእድራችን ላንድሮቨር የፊት ባሌስትራ መሆኑ ይታወቃል። ገሚሱ አባል «ባሌስትራው ወጥቶ ሞላ ይግባላት» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ብረት ይደረብበት» ባይ ነው። «ኧረ ተዉአት፣ አርጅታለች» የሚልም አልጠፋም። ገንዘቡ ከየቤታችን በየወሩ የተዋጣ ነው። መኪናዋም የምትጭነው ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ብቻ አይደለም፤ አስከሬንም አዛውንትም ትጭናለች። ለቀብር ገጠር ስንወርድ ባሌስትራ ቢሰበር አስከሬን ይዘን መንገድ ላይ ቆመን መቅረታችን ነው። ስለዚህ እጅ ከማውጣታችን በፊት ይህ ዕቃ ከየት እንደ መጣ፣ ለምንስ እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ ታሪኩን ብናውቅ ይበጃል ብለን ይህን ጽፈናል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችን አስከሬን በቃሬዛ ሲሸከሙ፣ መንገዱ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ቃሬዛው እንዳይናጥ የሚያደርገው የተሸካሚዎቹ ጉልበትና ትከሻ ነበር። በአውሮፓም ቢሆን የሠረገላው መቀመጫ ሣጥን ለረጅም ዘመን በቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። የእኛን የጠፍር አልጋ ማሰብ ነው። ጠፍር ግን ይለጠጣል፣ ሲዘንብ ይላላል፣ ሣጥኑንም ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል። እ.ኤ.አ. በ1804 ኦባዳያ ኤልየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ዝርግ ብረቶችን ደራርቦ፣ እንደ እንቁላል ቅርጽ አጉብጦ፣ ሣጥኑን በቀጥታ ከአክስሉ ጋር የሚያገናኝበትን ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። ከዚህ በኋላ የሠረገላውን ፊትና ኋላ ከሥር ያያይዝ የነበረው ከባድ ግንድ አላስፈለገም፤ የግንዱን ሥራ ንብርብሩ ብረት ወሰደው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ለዐፄ ምኒልክ የመጡት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአመዛኙ የጣሊያን ዘመን ቅርስ ነው። ትሬንታ ኳትሮን የመሰሉ የጭነት መኪናዎች ሲጎርፉ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት አብረው ገቡ። ባሌስትራም ከነዚሁ አንዱ ነው። በጣሊያንኛ መጀመሪያ የቃሉ ፍች ባለ ቀስት የጦር መሣሪያ ነበር። ስያሜው ደግሞ ልክ ነው፤ የጎበጠ ቀስት ሲጫኑት ይቃናል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የብረቱን ጥራት የአገራችን ቀጥቃጮች ከማንም ቀድመው አውቀውታል። የተሰበረ ባሌስትራ ቢላዋም ማረሻም ይወጣዋል። ገበያ ላይ «የባሌስትራ ነው» ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል።

ወደ ላንድሮቨር እንምጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ በአሮጌ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። «ይህች ብታረጅ በምን እተካታለሁ?» ከሚል ሐሳብ የተነሣ የራሱን ሊሠራ ተነሣ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየች። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ስለ ነበረ ገላዋ በአሉሚኒየም ተሠራ። ከሥር ግን እንደ ጂፑ ፊትም ኋላም ባሌስትራ ተደረገላት። የእኛዋ ሲሪዝ ስሪ የምትባለው ናት፤ ከእ.ኤ.አ. 1971 እስከ 1985 የተሠራችው። 109 የሚለው ቁጥር በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት በኢንች ነው።

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እንግሊዞች ስለ ሞላ ሳያውቁ ቀርተው ነው? አይደለም። ሞላ ጥንትም ነበረ። ባሌስትራ የተመረጠው ለብቻው የሦስት ሠራተኛ ሥራ ስለሚሠራ ነው። አንደኛው ክብደት መሸከም ነው። ሁለተኛው አክስሉን ይዞ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንዳይሄድ ማሰር ነው፤ ያ የጥንቱ የሠረገላ ግንድ ሥራ ማለት ነው። ሦስተኛው ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንረቱን ማብረድ ነው። ሾክ አብዞርበር ቢያረጅ እንኳ መኪናዋ እንደ ኳስ የማትነጥረው በዚህ ነው። ለመሥራት ቀላል፣ በየትም አገር የሚጠገን ዕቃ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ፍትጊያ ይመጣል። በብረቶቹ መካከል ጭቃና ዝገት ከገባ ተጣብቀው እንደ አንድ ድፍን ብረት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ኮረኮንቹ በቀጥታ ወገባችን ላይ ያርፋል።

«ብረት ይደረብበት» ለሚሉት ወገኖች አንድ ስሌት እናሳይ። አንድ ዝርግ ብረት ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው እጥፍ አይደለም፤ ስምንት እጥፍ ነው። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብረቶች መካከል አንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር የጭነት መኪና ብረት ቢገባ፣ በተመሳሳይ ርዝመት ስምንት ብረት የተጨመረ ያህል ነው። የላንድሮቨር የፊት ባሌስትራ ደግሞ እንደ ሞተሩና እንደ ጭነቱ 9 ወይም 11 ብረት ነው ያለው። ሸክሙን በእጥፍ ሊያደርሱት ነው ማለት ነው! የሚገርመው፣ መኪናዋን የሸጠልን ሰው በግራ በኩል እንዲህ ያለ ብረት አስደርቦባት ኖሯል። ከፊት የሚቀመጡ ሽማግሌዎቻችን «ይቺ መኪና ታነጥራለች» እያሉ ያማረሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌስትራው እንቢ ያለውን ድንጋጤ የሚቀበለው ሻንሲው ነው። ሻንሲ ሲሰነጠቅ ደግሞ ወጪው የባሌስትራ ወጪ አይሆንም። በብየዳ የተቀጠለ ወይም በከሰል እሳት አቅልቶ የጎበጠ ብረትም አይታመንም፤ ፋብሪካ የሰጠው የሙቀት አያያዝ ይጠፋና ወይ ይሰበራል ወይ ተመልሶ ይተኛል።

ሞላ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ ታሪክም ይደግፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሬንጅሮቨር በአራቱም እግሯ ሞላ ይዛ ስትወጣ ገጠርም ከተማም ተመቸች። ላንድሮቨር ራሷ በ1983 ዋን ቴን በተባለችው ባሌስትራን ትታ ወደ ሞላ ዞረች፤ ዲፌንደር የተባለችው ተከታይዋም እስከ 2016 ድረስ በሞላ ተሠራች። ቶዮታ ግን ቸኩሎ አልተከተለም። ከባዱን 70 ላንድክሩዘር በ1984 ፊቱንም በባሌስትራ ነው ያወጣው፤ ፊቱን ወደ ሞላ የለወጠው በ1999 ነው። በጭነት ዓይነቶቹ ኋላውን እዚያው ባሌስትራ ላይ ተወው፤ የሚጭን ኋላ ነውና።

ነገር ግን ሞላ የሚሠራው አንዱን ሥራ ብቻ ነው፤ ክብደት መሸከም። አክስል አይዝም፣ አያበርድም። ስለዚህ ፋብሪካው ባሌስትራውን ሲያወጣ በምትኩ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩ ረጃጅም ክንዶች፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝ ዘንግና ብርቱ ሾክ አብዞርበር አስገብቷል። ለነዚህም ሻንሲው ላይ መያዣ ተሠርቶላቸዋል። በእኛዋ ሻንሲ ላይ ያ መያዣ የለም። አንድ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ይህን በግምት ቢበይድልን፣ አንዱ ብየዳ በቁልቁለት ላይ ሲለቅ መሪ ይዞ መታገል ዋጋ የለውም። በእኛ በኩል ይህን አንደግፍም።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ፓራቦሊክ የሚባለው ባሌስትራ። ብረቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ መሐሉ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ እርስ በርስ የሚነካኩትም መሐል ላይና ጫፍ ላይ ብቻ ነው። አክስሉን እንደ ድሮው ይይዛል፣ በነባሩ ቦታ ይገባል፣ ሻንሲ አያስቆርጥም። ፍትጊያው ስለ ቀነሰ ይመቻል። ይሁን እንጂ ፍትጊያ ያበርድ የነበረውን አሁን የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ብቻ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ሾክ አብዞርበር ላይ ፓራቦሊክ መግጠም መኪናዋን ማስጨፈር ነው። ሁለቱ አብረው የማይገዙ ከሆነ፣ ትክክለኛውን ነባር ባሌስትራ አዲስ ማስገባት ይሻላል። ከፍ ያለውን ዓይነት ማዘዝም አያስፈልግም። መኪናዋ ስትነሣ ከካምቢዮ ወደ ፊት አክስል የሚሄደው ዘንግ ይቆለመማል፣ መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቃል፤ ለአዛውንቶችም መውጣቱ ይከብዳል።

ስለ ማዘዝ ካነሣን አንድ ወጥመድ አለ። የዚህች መኪና ሁለቱ የፊት ባሌስትራዎች መንትያ አይደሉም። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ጎን ክብደት ስለሚበዛበት የዚያ ወገን ባሌስትራ ጉብጠቱ የበለጠ ነው። በእንግሊዝ አገር ሾፌር በቀኝ ነው። በእኛ አገር ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ የእኛዋ መሪ በግራ ነው። እንግዲህ የእንግሊዝን ዝርዝር አይቶ «ቀኝ» «ግራ» ብሎ ያዘዘ ሰው ተገልብጦ ይመጣለታል፤ መኪናዋም ባዶዋን አንድ ጎኗን ትዘምማለች። «የሾፌር ወገን» «የተሳፋሪ ወገን» ተብሎ ነው የሚታዘዘው። አንዱን ብቻ መለወጥም አይሆንም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይለወጣሉ። በዓይኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎችና አክስሉን የሚያስሩት ቡሎኖችም አዲስ መሆን አለባቸው። ቡሎኖቹ መኪናዋ ጥቂት ከሄደች በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ።

ከጉባኤው በፊት ባለው እሑድ ጠዋት መኪናዋ በእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት፣ ሲሚንቶው ላይ ባዶዋን ትቆማለች። በግራና በቀኝ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ከፍታ በሜትር ይለካና ልኩ በጉባኤው ላይ ይነበባል። ሙያው ያላቸው አባላት፣ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችም ጭምር፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢገኙልን እንወዳለን።