የዕለት ሲሳይ በዴር ሡልጣን

በቅድስት ሀገር በኢየሩሳሌም የሚኖሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ይዞታና ስለ ቁልፍ፣ ስለ ፍርድና ስለ ክርክር ነው። ይህም የተገባ ነው፤ ነገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። እርሻ የሌላቸው፣ ንግድ የማያውቁ፣ ከሀገራቸውም በበረሓና በባሕር የተለዩ እነዚህ አባቶችና እናቶች በየዘመኑ ምን በልተው ቆዩ? እግዚአብሔር አገልጋዮቹን በምን መንገድ እንደ መገበ ከዚህ ታሪክ ማስተዋል ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሩሳሌምን ከያዙ በኋላ በቅዱሳት መካናት የሚያገለግሉ ማኅበራት ሁሉ ግብር ይከፍሉ ነበር። ሀብት ያለው እየከፈለ ስፍራውን ጠበቀ። ኢትዮጵያውያን ግን መንገዱ ሩቅ፣ ከሀገር የሚላከውም ምጽዋት የሚዘገይ ስለ ሆነ የሚከፍሉት አጡ። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ዓመት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበራቸውን የጸሎት ስፍራ ለቀው፣ ከቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ በላይ ባለው በዴር ሡልጣን ተወሰኑ።

በዚያ የችግር ዘመን የእኅት ቤተ ክርስቲያን የአርመን ገዳም የዕለት እንጀራ ይሰጣቸው ነበር፤ ይህም ቸርነት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቆየ። ነቢዩ ኤልያስም ፈፋው በደረቀበት ጊዜ የተላከው ወደ ባለጸጋ ቤት ሳይሆን ወደ ሰራፕታዪቱ መበለት ነበር። ይሁን እንጂ በሌላው እጅ የሚበላ ሰው ድምፁ ዝቅ ይላል፤ መነኮሳቱም ይህን ዝቅታ ከእንጀራው ጋራ ተቀበሉት።

ከሁሉ የከፋው መከራ የመጣው በ1838 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት ቸነፈር ኢየሩሳሌምን መታ፤ በዴር ሡልጣን የነበሩት ኢትዮጵያውያንም ከጥቂቶች በቀር አለቁ። በሽታው እንዳይተላለፍ በሚል ምክንያት የመጻሕፍት ቤታቸው ተቃጠለ። መብታቸውን የሚያስረዱ ጽሑፎችም አብረው እንደ ጠፉ ማኅበሩ ሲመሰክር ኖሯል። በ1852 ዓ. ም. የቱርክ ሡልጣን በቅዱሳት መካናት ያለው ሁሉ ባለበት እንዲጸና ባዘዘ ጊዜ፣ ቀድሞ የጠፋውን ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። እንግዲህ ሰው፣ መጽሐፍ፣ ማስረጃ፣ ገንዘብ በጠፋበት በዚያ ስፍራ የቀረው ጸሎት ብቻ ነበር። ጸሎቱ ግን አልተቋረጠም፤ ከሀገር በእግራቸው የሚመጡ ተሳላሚዎችም አንዳንዶቹ እየቀሩ ማኅበሩ ዳግመኛ ቆመ።

ይህን ችግር ያወቁት ንጉሠ ነገሥት ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። በ1875 ዓ. ም. በጉንደት፣ በ1876 ዓ. ም. በጉራዕ ድል ካደረጉ በኋላ፣ ለኢየሩሳሌም ማኅበር ገንዘብ ላኩ። በመምህር ወልደ ሰማዕት አማካይነት ከከተማው ቅጥር ውጭ መሬት ተገዛ፤ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ሥራ ተጀመረ። ዓፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1889 ዓ. ም. በመተማ ሲወድቁ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ሕንፃውን በ1893 ዓ. ም. አስፈጸሙት። የጀመረው ሳያየው፣ ያልጀመረው ፈጸመው። ከዚያም በኋላ እቴጌ ጣይቱ፣ ንግሥት ዘውዲቱና ሌሎችም መኳንንት በከተማው ቤት አሠሩ፤ የቤቶቹም ኪራይ ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ ሆነ።

ነገር ግን ይህም ሲሳይ ፈተና ያልነካው አልነበረም። በ1936 ዓ. ም. ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም መጡ፤ ሌሎችም ስደተኞች ተከተሉ። ትናንት ከሀገር ምጽዋት ይጠብቅ የነበረው ማኅበር ዛሬ የሀገሩን ልጆች የሚያጽናና ሆነ። በ1948 ዓ. ም. ደግሞ ከተማዪቱ በጦርነት ለሁለት ተከፈለች፤ ደብረ ገነት በእስራኤል ወገን፣ ዴር ሡልጣን በዮርዳኖስ ወገን ቀሩ። አንዱ ማኅበር በሁለት መንግሥታት ሥር ሆኖ እስከ 1967 ዓ. ም. ድረስ በዚሁ ሁኔታ ቆየ።

ይህን ሁሉ የሚመረምር ሰው የእግዚአብሔር መግቦት ሁልጊዜ በሰው እጅ እንደ መጣ ያያል፤ አንድ ጊዜ በጎረቤት ገዳም፣ አንድ ጊዜ በንጉሥ፣ አንድ ጊዜ በድኻ ተሳላሚ እጅ። የመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ለዕለቱ የሚበቃ እንጂ ለከርሞ የሚተርፍ አልነበረም። በእግዚአብሔር መታመንም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ ሁለቱም ወገኖች አስተምረዋል፦ በጣራው ላይ የቀሩት ሰዓቱን ሳያስታጉሉ በመቆማቸው፣ መሬት የገዙትም ራሳቸው ለማያዩት ቤት መሠረት በመጣላቸው። ዛሬ በዴር ሡልጣን ትንንሽ ጎጆዎች መካከል የሚያልፍ ተሳላሚ የሚያየው ድኽነትን ብቻ እንዳይመስለው፤ በእምነት ተጠብቆ የኖረ ርስት ነውና።