ባለ ክንፉ ፈረስ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ፤ የማወጋችሁ ግን ተረት አይደለም።

ሜዳውን ታውቁታላችሁ። ጉለሌ ያለው ጃንሜዳ ነው፤ በከተራ ታቦታት ያድሩበታል፣ በአዘቦቱ ኳስ ይለጋበታል። ድሮ ደግሞ መፈተኛ ነበር፤ ጉግስ ሲገጠም ደህናው ፈረስ ከሰነፉ የሚለየው እዚያ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ አንድ ዘመን ባለ ክንፍ ፈረስ መጣ።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላኑን ከጅቡቲ አምጥቶ ገፈርሳ አሳረፋት። ወዲያው ጃንሜዳም ማኮብኮቢያ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የእኛዎቹ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ብቻቸውን ሰማይ ወጡ። ከሐርለም የመጣው ሁበርት ጁሊያን ግን የዘውዱ በዓል ሲቃረብ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ሰባበራት። አዲስ ፈረስ ጣይ ነው!

ከዚያስ? ከዚያማ «ሌላ የሠራውን ከመጋለብ ራሳችን እንሥራ» ተባለ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች።

ምን ያደርጋል፤ ጠላት ጣሊያን ድንበር ከጣሰ ሦስተኛ ወሩ ነበር። እነሱ በመቶ የሚቆጠር ቦምብ ጣይ አላቸው። ከቺካጎ መጥቶ አየር ኃይላችንን የመራው ጆን ሮቢንሰን በእጁ የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂት፣ አብዛኞቹም መሣሪያ አልባ ነበሩ፤ መልእክትና መድኃኒት ያመላልሳሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ያለው የአገሬ ሰው፣ ይህን ቀን አስቀድሞ ያየው ይመስላል።

ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይም ተማረከች። ባሕር ተሻግራ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል የሐይቅ ዳር ስፍራ፣ በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም የጎብኚ ዓይን ማረፊያ ሆነች።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በአስተርዮ ማርያም፣ ሚካኤል ከጃንሜዳ ወደ መንበሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ጣሊያን ፀሐይን ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስረከበች።

ተረተኛ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል፤ እስከዛሬ የመለሰለት የለም። ለእኛ ግን በ88 ዓመቱ መለሱልን። አፌን በዳቦ የማበሱ ነገር የእናንተ ፋንታ ነው።