በዘይት ውስጥ ያለው ጥቂት ነገር

በጋራዦቻችን ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ሞተርን የሚጠብቀው የዘይት ውፍረት ነው ይባላል። ባለመኪናው ዘይቱ ከጣሳው ሲንዠቀዠቅ አይቶ ይፈርዳል፣ መካኒኩም በጣቶቹ መካከል አሽቶ ራሱን ይነቀንቃል። ወጣት መካኒኮችን ሳስተምር ከማንኛውም ትምህርት አስቀድሜ የማነሣው ታሪክ ይህን እምነት የሚመለከት ነው። እምነቱ ግማሹ እውነት ነውና ከእውነቱ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1883 ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ እየመረመረ ነበር። የወይራ፣ የአሳማ ስብ፣ የዓሣ ነባሪ፣ የጎመን ዘርና የማዕድን ዘይቶችን እያፈራረቀ ይሞክራል። ዘይት ለመጨመር ብሎ የተሸካሚውን አናት ቢበሳው፣ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ፈለቀ። ቢወትፈውም ውታፉን ገፍቶ አወጣው። የግፊት መለኪያ ሲያስርበት መርፌው ከመጨረሻው ቁጥር አለፈ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፣ እዚያ የተጨናነቀው ዘይትም ሸክሙን ያነሣዋል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የዚህን ሒሳብ አስቀመጠ። ዘንጉ እስኪቆም ድረስ ብረት ከብረት አይነካካም፤ እስከዚህ ድረስ ውፍረት ዋጋ አለው።

ጉዳቱ የሚመጣው ዘንጉ ሲቆምና ሲነሣ፣ ወይም ሸክሙ በሙሉ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ቫልቭ የሚገፋው የካምሻፍት ጉጥ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ዘይቱ ከመካከል ተጨምቆ ይወጣል። ለዓይን ልሙጥ የሚመስለው ብረት ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት፤ ጉብታ ከጉብታ ይጋጠማል፣ ይግላል፣ ይጣበቃል፣ ተቦጭቆ ይነሣል። እዚህ ላይ ውፍረት ብቻውን አያድንም።

ይህን ክፍተት ጉሎ ዘይት ከሊቃውንቱ ቀድሞ ሞልቶት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኖምና ለ ሮን የተባሉት የአውሮፕላን ሞተሮች ሲሊንደሮቻቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይዞሩ ነበር። ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ በኩል ስለሚያልፍ የማዕድን ዘይትን ያቀጥነዋል፤ ጉሎ ዘይት ግን ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፣ ብረትንም አጥብቆ ይይዛል። በየጓሯችን አጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎ ተዋጊ አብራሪዎችን ይዞ በረረ ስል ተማሪዎቼ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ደስ እያለኝ ነው የምናገረው።

ጉሎ ለምን እንዲህ እንደሚይዝ ፍንጭ የተገኘው ዌልስና ሳውዝኮምብ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በማዕድን ዘይት ላይ፣ እንደ ጉሎ ባሉ ዘይቶች ውስጥ የሚገኘውን የስብ አሲድ በጥቂቱ ጨምረው ሰበቃው ሲቀንስ ባዩ ጊዜ ነው። በ1922 ደግሞ ዊልያም ሃርዲ፣ በመነሻው የሕይወት ሳይንስ ሰው የነበረ፣ ነገሩን አብራራው። የስብ አሲዱ ሞለኪውል በአንድ ጫፉ ብረቱን ይይዛል፣ ጭራው ወደ ውጭ ይቆማል፤ የሚንሸራተተው ጭራ በጭራ ላይ ነው። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያሰሱ የሚቀረው ስስ ቅባት እንጀራው እንዳይጣበቅ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ብዛቱ ሳይሆን ተጣብቆ መቅረቱ ነው ሥራውን የሚሠራው።

ይሁን እንጂ የስብ አሲድ ሙቀት ሲበዛበት ይለቅቃል። በ1926 ፓካርድ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ የሚነካኩበትን ሃይፖይድ ዲፈረንሻል በመኪናው ላይ ሲገጥም የተለመደው ዘይት አልበቃም፤ ድኝና የእርሳስ ሳሙና የገባበት ዘይት አስፈለገ። ድኙ በጋለው ቦታ ላይ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ቀድሞ የሚፋቅ ንጣፍ ይሠራል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የዚንክ ታሪክ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዩኒየን ኦይል ባልደረባ የነበረው ኸርበርት ፍሮይለርና ሌሎችም ዚንክ፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበትን ውሕድ ዘይት ውስጥ ጨመሩ። የፈለጉት ሌላ ነበር፤ ዘይቱ በሙቀት እንዳይበላሽና ከብልሽቱ የሚወጣው አሲድ የመዳብና የእርሳስ ቅይጥ ተሸካሚዎችን እንዳይበላ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ጉልበታም ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሮችን ሲያወጡ የካምሻፍት ጉጦች ያለጊዜያቸው ያልቁ ጀመር። ያን ጊዜ ዘይቱንና ተሸካሚዎቹን እንዲጠብቅ የገባው ዚንክ ጉጡንም እንደሚያድን ታወቀ። ብረት በሚፋተግበት ቦታ ላይ ውሕዱ ይፈርስና መስታወትነት ያለው የፎስፌት ንጣፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕ እጅ አንዱ ያህል ነው። ብረቱ ሳይነካ ንጣፉ ይፋቃል፣ በቦታው ሌላ ይተካል። ውሕዱ ሲያልቅ ግን የሚተካ የለም። ዘይት በጊዜው ቀይሩ ብዬ ድምፄን ከፍ የማደርገው ስለዚህ ነው፤ መጥቆሩን ሳይሆን የማይታየውን መሟጠጥ ፍሩ እላለሁ።

በእነዚያው ዓመታት ከዓሣ ነባሪ ራስ የሚወጣው ዘይት ከድኝ ጋር እየተዋሐደ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ይገባ ነበር። መኪና ማርሽ እንዲቀይር ያን ታላቅ እንስሳ መግደል! አሜሪካ በ1970 በአደጋ ላይ ካሉ እንስሳት መዝገብ ስታስገባው ኬሚስቶቹ ምትክ ለመፈለግ ተገደዱ፤ አገኙም።

ዚንኩም ጠላት አፍርቷል። ፎስፈረሱ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ጭስ አጣሪ ስለሚያበላሽ፣ በ2004 የወጣው መመዘኛ ለብዙዎቹ የቤንዚን መኪና ዘይቶች መጠኑን ወደ 0.08 በመቶ አወረደው። ለአዳዲስ ሞተሮች ይበቃል፤ የካምሻፍት ጉጦቻቸው በአብዛኛው የሚገፉት የሚሽከረከር ነገር ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሮጡት አሮጌ ቮልሶች ግን ጉጣቸው በጠፍጣፋ ብረት ላይ ይንሸራተታል። ለባለቤቶቻቸው የምመክረው፣ ውድና አዲስ ስለሆነ ብቻ ዘይት እንዳይገዙና ጣሳው ላይ ያለውን ደረጃ አንብበው ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀውን እንዲመርጡ ነው። ዘይት ሻጮች ከጎን የሚሸጧትን፣ ወደ ዘይቱ የሚጨመር ውሕድ ያለባትን ትንሽ ጠርሙስ አልመክርም፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት ውሕዶች ብረቱን ለመያዝ እርስ በርስ ይሻማሉ፣ አንዱን ማብዛት ሌላውን ማባረር ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስና ዚንክ የሌለበት ምትክ ፍለጋው ቀጥሏል፤ እስካሁን ግን የዚንኩን ሥራ በሙሉ፣ በዚያው ርካሽ ዋጋ የሚሠራ አልተገኘም።