ቆጣሪው ለምን ዜሮ አይልም?

በፊዚክስ ላብ ያለፍን ሁሉ ጋይገር ቆጣሪን እናስታውሰዋለን። ጨረራ የሚያመነጨው ናሙና ተነሥቶ በእርሳስ ሣጥኑ ከተቆለፈበት በኋላ እንኳ መሣሪያው ጠቅ… ጠቅ ማለቱን አይተውም። «ኧረ ይሄ ነገር ተበላሽቷል!» የሚል ከየቡድኑ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። በኋላም ፊዚክስ ሳስተምር ይህንኑ ቃል ከተማሪዎቼ አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥርጣሬው ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥም አለ። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1908 ማንቸስተር ላይ የአልፋ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ የሚቆጥር መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ የምናውቀው ቱቦ ግን የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ጀርመን አገር ከኪል ዩኒቨርሲቲ ነው። ጋይገር ብቻውን አልሠራውም፤ የዶክትሬት ተማሪው ቫልተር ሙለር አብሮት ነበር። ሙለር ቱቦውን ሲሞክር ናሙና በሌለበት ቆጠራ አገኘ። የመሣሪያ ጉድለት ነው ብሎ መተው ቀላል ነበር። ነገር ግን ቱቦው በወፍራም ብረት ሲከለል ቆጠራው ቀነሰ። ጉድለት ቢሆን ኖሮ ብረቱ ምን ይፈይድ ነበር? ነገሩ የሚመጣው ከውጭ ነው ማለት ነው።

ከውጭ ከየት? ቪክቶር ሄስ በ1912 በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍታው ሲጨምር ጨረራው እንደሚበረታ ለክቶ ነበር፤ ለዚህም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የቀረው በአፈር፣ በድንጋይና በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ይመጣል። በ1929 ደግሞ ቦተና ኮልሆርስተር በሁለት የጋይገር-ሙለር ቱቦዎች መካከል 4.1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወርቅ ሲያስገቡ፣ ከሰማይ የሚመጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ወርቁንም በስተው አለፉ።

እንግዲህ መሣሪያውን ማስተካከል ማለት ዜሮ እንዲል ማስገደድ አይደለም። ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው ከቮልቴጁ ነበር። ናሙናው ቦታውን ሳይለቅ ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ስንጨምር ቆጠራው በድንገት ይነሣል፤ ከዚያ እንደ አምባ ሜዳ ይሆናል፤ ከሜዳው ካለፈ ግን ቱቦው ያለማቋረጥ እየቆጠረ ይጎዳል። የሥራ ቮልቴጅ የሚመረጠው ከሜዳው ላይ ነው። ቀጥሎ ናሙናውን አርቆ ባዶውን ክፍል መቁጠር ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1 ደቂቃ 25 ቢቆጠር፣ የሚጠበቀው መዋዠቅ የ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 5 ነው፤ ይህ 20 በመቶ ነው። በ100 ደቂቃ 2,500 ቢቆጠር ግን 50፣ ማለትም 2 በመቶ ብቻ ይሆናል። ከሌላው ልኬት ሁሉ የሚቀነሰው ይህ በትዕግሥት የተገኘ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ከሌላ አገር መጽሐፍ መቅዳት አይቻልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ከጅቡቲው ስለሚሳሳ ከሰማይ የሚወርደው ድርሻ እኛ ዘንድ ይበዛል። ዛሬ በሆስፒታልም ሆነ በፋብሪካ ከጨረራ ጋር የምትሠሩ ጓደኞቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የባዶ ክፍሉን ቁጥር ያላወቀ ሰው፣ ያፈተለከውን ጨረራ ከተፈጥሮው መለየት አይችልም። ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይ መደንገጥ ሲገባው ዝም ይላል።

መሣሪያውን ሁላችንም በመምህሩ ስም ብቻ መጥራት ለምደናል። ይህ መጽሔት የተማሪዎች ነውና፣ ቢያንስ እዚህ ላይ ሙሉ ስሙን እንስጠው፦ ጋይገር-ሙለር።